ገና የተፈለፈለች ኤሊ እንዴት ትያዝ?

ጥያቄ፦ የምንኖረው አሪዞና ነው። ለልጄ ከተፈለፈለች ሁለት ቀን የሆናት የሱልካታ ኤሊ ተሰጥታታለች። ሆዷ ላይ ቢጫ ከረጢት ይታያል፤ ምግብም አልነካችም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከረጢቱ የእንቁላሉ አስኳል ቅሪት ነው፤ ኤሊዋ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የምትመገበው ከእርሱ ስለሆነ አለመብላቷ አያስጋዎት። በፍጹም እንዳይጎትቱት ወይም እንዳይቆርጡት አደራ እላለሁ። ወደ ውስጥ ገብቶ እስኪያልቅ ድረስ ንጹሕ እርጥብ የወረቀት ፎጣ በተነጠፈበት ሞቃት ሣጥን ውስጥ ያቆዩአት፤ ከረጢቱ ቢቀደድ ወይም ቢሸት ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩአት።

ሱልካታ ኢትዮጵያን ጨምሮ ከሰሃራ በስተ ደቡብ ባለው ደረቅ ምድር የምትገኝ በመሆኗ ብዙዎች ጫጩቷን በደረቅ ቦታ ያሳድጓታል፤ ይህ በእኔ እምነት ከሁሉም የከፋው ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም እርጥበት ያጣች ጫጩት ውኃ ከሰውነቷ ቶሎ ያልቃል፣ የጀርባዋ ቅርፊትም እየጎበጠ ያድጋል። ስለዚህ ከአገጯ በማያልፍ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ በየቀኑ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይዘፍዝፏት።

ከረጢቱ ሲጠፋ መርዝ ያልተረጨበት ለጋ ሣር ይስጧት፤ ሥጋና ዳቦ አይስማሟትም። ለአጥንቷ ካልሲየምና የአልትራቫዮሌት ብርሃን ያስፈልጋታል፤ በመስኮት መስታወት በኩል የሚገባ ፀሐይ ግን ይህን አይተካም።

ኤሊዎች ሳልሞኔላ የተባለውን በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሊያስተላልፉ ስለሚችሉ ልጅዎ ከነካቻት በኋላ ሁልጊዜ እጇን በሳሙና ትታጠብ። ይህች ጫጩት አድጋ ከ40 ኪሎ በላይ ልትመዝን ስለምትችል፣ ሰፊ ግቢ ከሌለዎት ከአሁኑ ያስቡበት።