ለጀማሪ የልዩ ፍላጎት መምህራን፦ መጀመሪያ ስህተቱን አንብቡ

ውድ ልጆቼ፣

ደብተራችሁ በንድፈ ሐሳብ ሞልቶ ነው ከኮሌጅ የወጣችሁት። ጥሩ ነው፣ አትጣሉት። ክፍል ስትገቡ ግን ከሁሉ በፊት የልጁን ስህተት አንብቡ።

አንድ ልጅ «52 ሲቀነስ 27» ተብሎ 35 ጻፈ እንበል። ብዙ ሰው በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አድርጎ ያልፈዋል። እናንተ ቁጭ ብላችሁ እዩት። ከ7 ላይ 2 ቀንሶ 5 አገኘ። ከ5 ላይ 2 ቀንሶ 3 አገኘ። በየቤቱ ከትልቁ ላይ ትንሹን እየቀነሰ ነው የሄደው። በግምት አልጻፈም፤ የራሱ ሕግ አለው። 24 ብሎ የጻፈው ጓደኛው ግን ምናልባት አቆጣጠር ላይ አንድ ስቶ ይሆናል። ሁለቱም ተሳስተዋል፣ የሚያስፈልጋቸው ግን ለየቅል ነው።

ለመጀመሪያው ልጅ አስር አስር የታሰሩ እንጨቶች ስጡት፤ አምስት እስርና ሁለት ነጠላ። «ሰባት ነጠላ ስጠኝ» በሉት። ያለው ሁለት ብቻ ነው። አንዱን እስር መፍታት እንዳለበት ብዙ ጊዜ ራሱ ይደርስበታል። ካልደረሰበት እናንተ ፈትታችሁ አሳዩት። ከዚያ ያንኑ በስዕል ይሥራ፤ ቁጥሩ መጨረሻ ላይ ይምጣ። ይህ መንገድ የሥነ ልቦና ምሁሩ ጀሮም ብሩነር በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከጻፈው ሐሳብ የመጣ ነው። እንጨቱን ቶሎ አትንጠቁት። ሲለምደው ደግሞ ቀስ እያላችሁ ውሰዱት፤ እሱንም የሚረሳ መምህር ብዙ ነው። ሩሲያዊው የሥነ ልቦና ምሁር ቪጎትስኪ ልጅ ብቻውን በሚችለውና በእገዛ በሚችለው መካከል ስላለው ቦታ ሲጽፍ የተናገረው ይህንኑ ነው። ዛሬ በእገዛ የሠራውን ነገ ብቻውን እንዲሠራ ነው የምንፈልገው።

ወደ ንባብ ስንመጣ አንድ የቆየ ስህተት አለ። ዲስሌክሲያን፣ ማለትም ማንበብን የሚያከብደውን የመማር ችግር፣ የዓይን ችግር አድርገው የሚያዩት ብዙ ናቸው። አብዛኛው ጥናት የሚያመለክተው ግን ወደ ድምፅ ነው፤ ቃሉን በድምፅ መከፋፈልና ድምፁን ከፊደሉ ጋር ማገናኘት ይከብዳቸዋል። ስለዚህ የዓይን ልምምድም ሆነ ባለ ቀለም መነጽር ማንበብ አያስተምርም። ሐኪሙ ሳሙኤል ኦርተንና መምህርቷ አና ጊሊንግሃም የጀመሩት አካሄድ ልጁ ፊደሉን እያየ፣ ድምፁን እየሰማና እየተናገረ፣ በእጁም እየጻፈ እንዲማር ያደርጋል። በእኔ እምነት የዚህ ዘዴ ትልቁ ጉልበት ቅደም ተከተሉና ግልጽነቱ ነው። ምንም ነገር «ራሱ ይገባዋል» ተብሎ አይታለፍም።

«ይህ ልጅ በማየት ነው የሚማረው፣ ያኛው በመስማት» የሚባለውን ግን ተዉት። በ2008 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ታዋቂ የሥነ ልቦና ግምገማ ማስተማርን እንዲህ ለመከፋፈል በቂ ማስረጃ እንደሌለ አሳይቷል። አንድ ጊዜ የተለጠፈ ስም ደግሞ ከልጅ ላይ በቀላሉ አይላቀቅም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሳሙኤል ከርክ በ1963 (እ.ኤ.አ.) ቺካጎ ላይ ለወላጆች ስለ «የመማር ችግር» ሲናገር፣ እነዚህ ልጆች ሰነፍ ወይም ደደብ ሲባሉ የኖሩ ነበሩ። ዛሬም ይባላሉ። እናንተ አትበሉ።

ማንበብ የሚቸግረውን ልጅ ድንገት አስነስታችሁ በሰው ፊት አታስነብቡት። አንቀጹን ከቀን በፊት ስጡትና ተለማምዶ ይምጣ። ጥያቄ ስትጠይቁትም ጠብቁት፤ ዝም ያለው እያሰበ ሊሆን ይችላል።

በየሳምንቱ አጭር መለኪያ ይኑራችሁ፦ በአንድ ደቂቃ ስንት ቃል በትክክል አነበበ? ቀን ጽፋችሁ መዝግቡ። ለተወሰኑ ሳምንታት ቁጥሩ ካልተነቃነቀ የምትለውጡት ዘዴውን ነው። ወላጅ ሲመጣም ያንኑ ደብተር ክፈቱለት። «ልጅዎ አይችልም» መባል የሰለቸው አባት፣ 12 ቃል ያነብ የነበረው ልጁ 20 መድረሱን በዓይኑ ሲያይ ቤት ገብቶ ለልጁ የሚናገረው ይለወጣል።