አሮጌ ቤት፣ አዲስ ቁም ሣጥን፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ክረምቱ አልፎ ጭቃው ሲደርቅ ቤት ማደስ ይጀመራል። ከጎጃም የደረሱን የዚህ ወር ጥያቄዎችም በአብዛኛው ስለ አሮጌ ቤትና ከግድግዳ ጋር ተያይዞ ስለሚሠራ ቁም ሣጥንና ካቢኔት ናቸው።

ጥያቄ፦ ከወላጆቻችን የወረስነው የእንጨትና ጭቃ ቤት አለን። ወለሉ ሊሾ ነው። የመኝታ ቤቱን አንድ ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር በቁም ሣጥን መሸፈን እንፈልጋለን። ያነጋገርነው አናጢ ግድግዳው ላይ በፊሸር (ብሎን በሚገባበት የፕላስቲክ መሰኪያ) አስረዋለሁ ይላል። ግድግዳው ይችለዋል? በአንዱ ጥግ ደግሞ የምስጥ አፈር አይተናል። (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ አይችለውም። ፊሸር የሚይዘው ቡሎኬት ወይም ኮንክሪት ውስጥ ሲወጠር ነው። ጭድና ጭቃ ውስጥ ሲገባ ዙሪያውን እየፈረፈረ ይለቃል፤ ዛሬ የያዘ ቢመስልም በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር እየላላ ይሄዳል። ክብደቱን ደግሞ አስቡት። 122 በ244 ሳንቲ ሜትር የሆነ ባለ 18 ሚሊ ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨትና ሙጫ የተጨመቀ ጣውላ) አንዱ ወደ 40 ኪሎ ይመዝናል። የእናንተ ዓይነት ሥራ 12 ያህል ይፈጃል፤ ልብስ ሳይገባበት አራት ኩንታል አለፈ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ወለሉ ላይ ማረፍ አለበት። ከግድግዳው የሚፈለገው ሣጥኑ ወደ ፊት እንዳይወድቅ መያዝ ብቻ ነው፤ እሱንም የሚይዘው ጭቃው ሳይሆን ውስጡ ያለው ቋሚ እንጨት ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ምስጡ። ቁም ሣጥን ከቆመ በኋላ ያ ግድግዳ ለዓመታት ከዓይን ይሰወራል፤ ምስጥ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። የአፈር መንገዱን አፍርሱትና ሁለት ሦስት ቀን ጠብቁ፤ መልሶ ከሠራው ምስጡ እዚያው አለ። ከዚያ ቋሚዎቹን ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ በስል ወስፌ ውጉ። ወስፌው ያለ ትግል ከገባ እንጨቱ ተበልቷል ወይም በስብሷል። እንዲህ ያለውን ቋሚ ከላይ ደግፉና ጤነኛው እንጨት እስኪገኝ ቆርጣችሁ በኮንክሪት እግር ላይ አሳርፉት። በውጭ በኩል ግድግዳው ላይ የተከመረ አፈር ካለ ዝቅ አድርጉት፤ መሬቱ ከቤቱ ወለል ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ የጣራው ውሃ ከግድግዳው ርቆ መፍሰስ አለበት። ምስጥ እርጥብ አፈር ይወዳልና። የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት የተለመደ ነው፤ የሚነካው ግን የእንጨቱን ፊት ብቻ ስለሆነ ከሥር በመሃል የሚወጣውን ምስጥ አያቆምም፣ ሽታውም መኝታ ቤት ውስጥ ቶሎ አይለቅም። መሬቱን በመድኃኒት ማከም ካስፈለገ ለባለሙያ ተዉት።

የፈረሰውን ግድግዳ በሲሚንቶ አትለስኑት። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ይነፋል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶ ግን ግትር ስለሆነ አብሮት አይሄድም። መጀመሪያ ይሰነጠቃል፣ ቀጥሎ እርጥበቱን ከኋላው አፍኖ ይይዝና እንደ ቅርፊት ይላቀቃል። በደንብ የቦካ የጤፍ ጭድ ጭቃ ይሻላል። የመጀመሪያው ምርግ ደርቆ ይሰንጠቅ፣ ሁለተኛው ስንጥቁን ይድፈን። መድረቁን ለማረጋገጥ ደግሞ አንድ ክንድ የሚያህል ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር ግድግዳው ላይ ለጥፋችሁ አሳድሩት። ጠዋት ላስቲኩ ከውስጥ ካላበው ገና ነው፤ ሣጥኑን አታቁሙ።

ወደ ልኬቱ እንሂድ። የጭቃ ግድግዳ ሆድ አለው፣ ማዕዘኑም ዘጠና ዲግሪ አይመጣም። ስፋቱን ከታች፣ ከመሃልና ከላይ ለኩ። ለምሳሌ ከታች 310፣ ከመሃል 306.5፣ ከላይ 308 ሳንቲ ሜትር ቢወጣ የምትይዙት ትንሹን፣ ማለትም 306.5ን ነው። አምስት ሣጥን በ60 ሳንቲ ሜትር ሲሆን 300 ይሆናል። 60 የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም፦ የጎኑ 60 ጥልቀትም ሆነ የበሩ 59.7 ስፋት ከአንዱ ኤምዲኤፍ 122 ስፋት ሁለት ሁለት ይወጣል። ሣጥኑን 62 ብታደርጉት ከእያንዳንዱ ኤምዲኤፍ አንድ በር ብቻ አውጥታችሁ ግማሹን ቁርጥራጭ ታደርጉታላችሁ። ከአሥራ ሁለቱ ኤምዲኤፍ ለአሥሩ ጎን 5፣ ለላይ፣ ለታችና ለመደርደሪያ 4፣ ለበር 3 ይበቃል። መደርደሪያው ከውስጥ 56.4 ሳንቲ ሜትር ስለሚሆን አይጎብጥም፤ ባለ 18 ሚሊ ኤምዲኤፍ ከ70 ሲያልፍ ልብስ ተሸክሞ መሃሉ ይወርዳል።

ሣጥኑ የሚያርፍበትን መቀመጫ ለብቻው ሥሩት፤ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው፣ ከ4 በ4 ሳንቲ ሜትር ቱቦላሬ (አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) የተበየደና ጸረ ዝገት የተቀባ ይሁን። የድሮ ሊሾ ስለሚዋዥቅ መቀመጫውን በውሃ ልክ አስተካክሉና ከእግሮቹ ሥር ቁራጭ ላሜራ ደርባችሁ አጽኑት። ሌላም ጥቅም አለው። ቁመቱ 220፣ ጥልቀቱ 60 የሆነ ሣጥን ተኝቶ ሲነሣ ጥጉ እስከ 228 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ኮርኒሱ ዝቅተኛ በሆነ ክፍል ከመቀመጫው ጋር አንድ ላይ የተሠራ ሣጥን አይቆምም።

የሣጥኑ ጀርባ ከግድግዳው 4 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ ሆዱ በወጣበት ቦታ እንኳ 2 ይትረፍ። ከታች ያለው የፊት መከለያ ተነቃይ ሆኖ ቀዳዳ ይኑረው፣ ከላይም አየር መውጫ ይተውለት። ያለዚያ በሐምሌና ነሐሴ ጀርባው ሻጋታ ያወጣል። መከለያውን በየሦስት ወሩ አንሥታችሁ በባትሪ የምስጥ መንገድ መኖር አለመኖሩን እዩ። ከላይ በኩል ሣጥኖቹን በኤል ብረት ከቋሚዎቹ ጋር እሰሩ። ቋሚውን በቀጭን ምስማር እየወጋችሁ ፈልጉት። ለ6 ሚሊ ብሎን በ4 ሚሊ መሰርሰሪያ ቀድማችሁ ብሱ፤ የደረቀ አሮጌ ባሕር ዛፍ ሳይበሳ ከተመታ ይሰነጠቃል።

የሥራውን ውበት የሚያወጣው የጎኑ መሙያ ነው። በሁለቱም ጎን ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ወጣ ገባ ክፍተት ይቀራል። 7 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጣውላ ግድግዳውን አስነክታችሁ በቱምቢ ቀጥ አድርጉና በቁራጭ እንጨት ላይ እርሳስ ይዛችሁ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ተከተሉት። እርሳሱ የግድግዳውን ሆድና ጎድጓዳ ጣውላው ላይ ያሰፍረዋል። በዚያ መስመር ቆርጣችሁ በመላጊያ አስተካክሉ፤ የሣጥኑን በኩል ደግሞ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ። ጣውላው ግድግዳው ላይ ልክክ ሲል አሮጌው ቤት ራሱ ቀጥ ያለ ይመስላል። ይህን ስንጥቅ በሲሊኮን ወይም በጀሶ የሚሞላ ባለሙያ ሥራውን ሳይጨርስ ሄዷል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ የወጥ ቤታችን ካቢኔት ኤምዲኤፍ ነው። ከእቃ ማጠቢያው ሥር አብጧል፤ ከምጣዱ በላይ ያለው በር ደግሞ ሽፋኑ ተላጠ። መጠገን ይቻላል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ውሃ ጠጥቶ ያበጠ ኤምዲኤፍ ቢደርቅም ወደ ልኩ አይመለስም። ያበጠውን የታች ጣውላና ጎን አውጡና በ18 ሚሊ ኮምፔንሳቶ (ከስስ የእንጨት ንጣፎች የተጣበቀ ጣውላ) ተኩ። ከመግጠማችሁ በፊት የተቆረጠውን ጠርዝ ሁሉ ሁለት ጊዜ ቫርኒሽ አጠጡት፤ ውሃ የሚገባው በፊቱ ሳይሆን በጠርዙና ለቧንቧ በተበሳው ቀዳዳ ነው። ካቢኔቱ ወለሉን አይንካ፤ 10 ሳንቲ ሜትር የፕላስቲክ ወይም የብረት እግር ይኑረው። የሲፎኑን መገጣጠሚያ በደረቅ ሶፍት ጠርጋችሁ ውሃ ልቀቁበት፤ ሶፍቱ ከረጠበ ምንጩ እሱ ነው።

ከምጣድ በላይ ካቢኔት ሊኖር አይገባም። አክንባሎው በተነሣ ቁጥር እንፋሎቱ ሽቅብ ይመታል፤ የትኛውም ሽፋን ሙጫው ይለቃል። ያንን ካቢኔት ወደ ሌላ ግድግዳ አዛውሩት። የምጣዱንም መቀመጫ ከካቢኔቱ ለዩት፦ ምጣድ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ በተለመደው 60 ጥልቀት ላይ ጠርዙ ይንጠለጠላል። ከ70 በ75 ያላነሰ የቡሎኬት መቀመጫ ሥሩለት፤ ከፍታውም ከመክተፊያው 15 ያህል ዝቅ ይበል፤ እንጀራ የምትጋግረው ሴት ሊጡን ከላይ ወደ ታች ስታዞር ክንዷ አይደክምም። የኤሌክትሪክ ምጣድ እስከ 4 ኪሎ ዋት ሊስብ ስለሚችል ለብቻው የ4 ሚሊ ሽቦና የራሱ ማቋረጫ ያስፈልገዋል። አሮጌ ቤት ውስጥ ካለው የሶኬት መስመር ጋር ማገናኘት እሳት መጥራት ነው።

ጥያቄ፦ ከማሳችን የተቆረጠ ዋንዛ ጣውላ አስወጥተናል። ለግንቦት ሠርግ ቁም ሣጥን ይደርሳል? (ከዳንግላ)

መልስ፦ የሚወስነው የጣውላው ውፍረትና እርጥበት ነው። ባለ 2.5 ሳንቲ ሜትር ጣውላ በጥላ ሥር እስኪደርቅ አንድ ዓመት ያህል መስጠት የቆየ ልማድ ነው፤ በጋው ሙሉ ከነፈሰበት ሊያጥር ይችላል። ከመሬት 40 ሳንቲ ሜትር አንሥታችሁ በየ50 ሳንቲ ሜትሩ እኩል ውፍረት ባላቸው ደረቅ እንጨቶች እያለያያችሁ ደርድሩት። ጫፎቹን ቀለም ቀቡ፤ እርጥበት በጫፍ በኩል ቶሎ ስለሚወጣ ስንጥቅ የሚጀምረው እዚያ ነው።

መድረቁን በእጅ በመዳሰስ አትገምቱ። ከጣውላው መሃል ትንሽ ቁራጭ ቆርጣችሁ መዝኑ፣ ከዚያ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ምድጃ ውስጥ 100 ዲግሪ ገደማ ላይ አድርቁት። 640 ግራም የነበረው 500 ላይ ከቆመ ልዩነቱ 140 ነው፤ ለ500 ሲካፈል 28 በመቶ፣ ማለትም ገና እርጥብ። ለቤት ውስጥ ዕቃ 12 በመቶ አካባቢ መድረስ አለበት። እስከ ሚያዝያ ካልደረሰ ሠርጉን በኤምዲኤፍ አሳልፉና ዋንዛውን አትንኩት፤ እርጥብ ተሠርቶ በሩ ከተጣመመ የሚያቃናው የለም።

ሲሠራ ቀዩን ልቡን ምረጡ፤ ነጣ ያለውን ዳሩን ነቀዝና ምስጥ ይበሉታል። የበሩ መሃል ጣውላ ክፈፉ ውስጥ በተቦረቦረው ቦይ ሳይጣበቅ ይቀመጥ፣ በየጎኑም 3 ሚሊ መተንፈሻ ይኑረው። በኮላ ከታሰረ በበጋ ሲኮማተር መሃሉ ይሰነጠቃል። ጣውላውን ከማጓጓዛችሁ በፊት ደግሞ ወረዳውን ፈቃድ ጠይቁ፤ ዋንዛ ጥበቃ ከሚደረግላቸው አገር በቀል ዛፎች አንዱ ነው።

ጥያቄ፦ የቺፕውድ በሬ ማጠፊያው ተነቅሎ ወደቀ። ብሎኑ አሁን አይይዝም። (ከቡሬ)

መልስ፦ የሰፋውን ቀዳዳ በ8 ሚሊ መሰርሰሪያ አጽዱ፣ ኮላ የተቀባ የጠንካራ እንጨት ኩላብ ምቱበት፣ ሲደርቅ ለ4 ሚሊ ብሎን በ2.5 ብሱት። የማጠፊያውንም ቁጥር አስተካክሉ፦ እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ቁመት ሁለት፣ እስከ 160 ሦስት፣ እስከ 200 አራት፣ ከዚያ በላይ አምስት። ከላይኛው ማጠፊያ በታች አንድ ተጨማሪ ቀረብ አድርጎ መግጠም ይረዳል፤ የበሩን ክብደት አብዝቶ የሚጎትተው የላይኛው ነው።