«የቡድኖቹ ግብ» እና «የየቡድኑ ግብ»፦ የቁጥር እንቆቅልሽ በአማርኛ ሲጻፍ

ጥያቄ፦ ጎንደር፣ አዘዞ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ኳስ ወዳዶች ስለሆኑ «የሁለቱ ቡድኖች ግብ ብዛት ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ልዩነቱም ብቸኛ ቁጥር ነው። ጨዋታው ስንት ለስንት አለቀ?» የሚል ጥያቄ ሰጠኋቸው። የጠበቅሁት መልስ 5 ለ 2 ነበር፤ ነገር ግን አንዱ 4 ለ 1፣ ሌላዋ 5 ለ 3 ብለው መለሱና ሁለቱም ትክክል ነን ብለው ተከራከሩኝ። ጉድለቱ ከሒሳባቸው ነው ወይስ ከአማርኛዬ? ደግሞስ «2 ለ 5 ተሸነፈ» ነው የሚባለው ወይስ «5 ለ 2 ተሸነፈ»? 0ንስ «ባዶ» ልበለው ወይስ «ዜሮ»?

መልስ፦ መምህር፣ የተማሪዎችዎ ሒሳብ ትክክል ነው። ብቸኛ ቁጥር ማለት ከ1 የሚበልጥና ከ1ና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የሌለ፣ እንደ 2፣ 3፣ 5፣ 7 ያለ ቁጥር ነው። 4 ለ 1 ያለው ተማሪ «የሁለቱ ቡድኖች ግብ ብዛት» የሚለውን ሐረግ የሁለቱ ድምር ብሎ አንብቦታል፤ 4ና 1 ሲደመሩ 5፣ ሲቀናነሱ 3 ይሆናሉ፤ ሁለቱም ብቸኛ ናቸው። 5 ለ 3 ያለችው ተማሪ ደግሞ እያንዳንዱ ቡድን ለብቻው ያስቆጠረውን ቆጥራለች፤ 5ም 3ም ብቸኛ ናቸው፤ ልዩነታቸው 2ም እንዲሁ። ዐረፍተ ነገሩ ሁለቱንም ንባብ እኩል ይፈቅዳል። በልጆች የእንቆቅልሽ ጨዋታ «ምን አውቅልህ» ያለው ተጠያቂ በቃል መንታ ትርጉም ቢታለል የጨዋታው ደስታ ነው፤ የቁጥር እንቆቅልሽ ግን ተማሪውን በቁጥሩ ባሕርይ እንጂ በጥያቄው አነጋገር እንዲያስቸግረው አይገባም።

አማርኛ ለዚህ ችግር የራሱ የሆነ፣ እጅግ ቁጥብ መፍትሔ አለው፤ እርሱም መድገም ነው። «የራሳቸው» ስንል ንብረቱ የጋራም ሊሆን ይችላል፤ «የየራሳቸው» ስንል ግን ለእያንዳንዱ የተለየ ድርሻ እንዳለው እናውቃለን። «በሰፈሩ» እና «በየሰፈሩ» የሚለያዩትም በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ «የቡድኖቹ ግብ ብዛት» የሚለውን «የየቡድኑ ግብ ብዛት» ቢሉት የድምሩ ንባብ ወዲያውኑ ይወገዳል። «የየ» ብዛቱን ራሱ ስለሚያመለክት ከኋላው የሚመጣው ስም ነጠላ ቢሆን ይመረጣል፤ «የየቡድኖቹ» የሚለውን አንዳንድ ጽሑፍ ላይ ባነበውም ድርብ ሸክም ነውና አልመክረውም።

ቁጥሮችም እንዲሁ ይደገማሉ። ኢትዮጵያ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን አዲስ አበባ ላይ ስትወስድ የፍጻሜው ጨዋታ በመደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 አልቆ፣ በተጨማሪው ሰዓት ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፋለች። ስለ መደበኛው ሰዓት «ሁለቱ ቡድኖች ሁለት ግብ አስቆጠሩ» ብለን ብንጽፍ፣ ታሪኩን የማያውቅ አንባቢ ጨዋታው 1 ለ 1 ወይም 2 ለ 0 ነበር ብሎ ሊገምት ይችላል፤ «ሁለት ሁለት ግብ አስቆጠሩ» ስንል ግን ሌላ ግምት አይቀርም። እዚህ ላይ «አንዳንድ» የሚለው ቃል ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ከ«አንድ አንድ» የመጣና ዛሬም ድርሻን የሚያመለክት ቢሆንም («አንዳንድ ብር ሰጣቸው» እንደሚባለው)፣ «ጥቂት» ወይም «የተወሰነ» የሚለው ትርጉሙ ስለበረታ በእንቆቅልሽ ውስጥ «አንድ አንድ» ብሎ ለያይቶ መጻፍ ይሻላል። የከተማችን ልጆች ፋሲል ከነማን «ዐፄዎቹ» ብለው በብዙ ቁጥር ስለሚጠሩትም ሌላ ወጥመድ አለ፦ «ፋሲል ከነማ ሁለት ግብ አስቆጠረ» እና «ዐፄዎቹ ሁለት ግብ አስቆጠሩ» አንድ ናቸው፤ «ዐፄዎቹ ሁለት ሁለት ግብ አስቆጠሩ» ከተባለ ግን እያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት አገባ ማለት ይሆናል።

የጠበቁት 5 ለ 2 ብቸኛ መልስ የሚሆነው ሦስት ነገሮች በአንድነት ሲነገሩ ነው። ጥያቄው እንዲህ ቢስተካከል ይበቃል፦ «የየቡድኑ ግብ ብዛት ብቸኛ ቁጥር ነው፤ የሁለቱ ድምር ብቸኛ ቁጥር ነው፤ የሁለቱ ልዩነትም ብቸኛ ቁጥር ነው።» ምክንያቱ ሲታይ ደስ ያሰኛል። ከ2 በቀር ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ጎዶሎ ናቸው፤ ሁለት ጎዶሎዎች ሲደመሩ ደግሞ ለ2 የሚካፈል ቁጥር ስለሚሰጡ አንደኛው ቡድን የግድ 2 ማስቆጠር አለበት። ሌላውም 2 ቢያስቆጥር ድምሩ 4 ይሆንና ይወድቃል፤ ስለዚህ የሌላው ግብ ጎዶሎ ነው። ይህ ጎዶሎ ቁጥር፣ 2 ሲቀነስለትና 2 ሲጨመርለት፣ ሦስት ተከታታይ ጎዶሎ ቁጥሮችን ይሰጣል፤ ከእነርሱም አንዱ ሁልጊዜ ለ3 ይካፈላል። ሦስቱም ብቸኛ እንዲሆኑ ለ3 የሚካፈለው ራሱ 3 መሆን አለበት፤ ይህም የሚሆነው በ3፣ 5፣ 7 ብቻ ነው፤ ምክንያቱም 1፣ 3፣ 5 ብንል 1 ብቸኛ ቁጥር አይደለም። ከኳስ አልፈው ውጤቱ በመቶ ወደሚቆጠርበት ቅርጫት ኳስ ቢሄዱም ሌላ መልስ አያገኙም። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ1958 ስዊድን ባስተናገደችው የዓለም ዋንጫ በግማሽ ፍጻሜው ፈረንሳይን፣ በፍጻሜው ስዊድንን ያሸነፈችው ሁለቱንም ጊዜ በዚህ በ5 ለ 2 ስለሆነ፣ ለተማሪዎችዎ ተጨባጭ ምሳሌ ይሆናል።

ስለ «ተሸነፈ» የጠየቁት በተለመደው አጠቃቀም የሚወሰን ነው። በስፖርት ዜናችን ባለቤቱ ተሸናፊው ቡድን ቢሆንም ትልቁ ቁጥር መቅደሙ የተለመደ ነው፤ «5 ለ 2 ተሸነፈ» ሲባል ማንም ተሸናፊው 5 አስቆጠረ ብሎ አይረዳም፤ ግሱ ራሱ ይመልሰዋልና። «2 ለ 5 ተሸነፈ» የሚለውም የባለቤቱን ግብ በማስቀደሙ ስሕተት አይባልም፤ ለጆሮ ግን እንግዳ ነው። ይሁን እንጂ የማን ግብ ስንት እንደሆነ ለስሌቱ በሚያስፈልግበት እንቆቅልሽ «ለ»ን ትቼ «ሁለት አስቆጥሮ አምስት ተቆጠረበት» ብዬ ብጽፍ እመርጣለሁ። ዐረፍተ ነገሩ ትንሽ ይረዝማል፤ ነገር ግን የማን ግብ እንደሆነ ተማሪው አይጠራጠርም።

«ባዶ» የውጤት ቃል ነው፤ «ሦስት ለባዶ» እንላለን። ወደ ስሌቱ ሲገቡ ግን «ከሦስት ላይ ዜሮ ሲቀነስ» ይበሉ። ውጤቱን በግዕዝ አኃዝ መጻፍ የሚወዱ ተማሪዎች ካሉዎት ፭ ለ ፪ ብለው መጻፍ ይችላሉ፤ የግዕዝ አኃዝ ዜሮ ስለሌለው ግን ፫ ለ ባዶ ሲሆን «ባዶ»ን በፊደል ይጽፉታል።