ከኩላሊት ካንሰር ቀዶ ጥገና በኋላ ሽንት ምን ይነግረናል? ለጠያቂዋ እህት የተሰጠ መልስ

ውድ እህት፣ አባትዎ አዲስ አበባ ውስጥ በካንሰር ምክንያት አንድ ኩላሊታቸው ከወጣ ሁለት ወር እንደ ሆነ ጽፈዋል። እርስዎ በሚኖሩበት በሜሪላንድ አንድ ላብራቶሪ በሽታው ማገርሸቱን በሽንት አስቀድሞ የሚያሳውቅ ምርመራ እንዳለው ሲያስተዋውቅ አይተው፣ ወደ አሜሪካ በሚመጣ ሰው ሽንታቸውን አስልከው ቢያስመረምሩ ይጠቅም እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ነገር ግን በ2018 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ስምንት ሴንቲ ሜትር የሚሆን ዕጢ ያለበት የግራ ኩላሊቴ የወጣልኝ፣ ከዚያ ወዲህም ይህንኑ ጥያቄ እየያዝኩ ሐኪሞቼን ያሰለቸሁ ሰው ነኝ። እኔ ብሆን ገንዘቤን ለዚያ ምርመራ አላወጣም። ምክንያቴን በዝርዝር ልጻፍልዎ።

የምርምሩ መነሻ ውሸት አይደለም። በሚዙሪ ግዛት፣ ሴንት ሉዊስ በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች አኳፖሪን 1 እና ፔሪሊፒን 2 የተባሉ ሁለት ፕሮቲኖች በኩላሊት ካንሰር ሕሙማን ሽንት ውስጥ በርክተው እንደሚገኙ፣ ዕጢው ከወጣ በኋላም እንደሚቀንሱ አሳይተዋል። በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ በሌላ ምክንያት የሆድ ሲቲ ስካን ሊነሡ የመጡ 720 ሰዎችን ሽንት ከ19 የኩላሊት ካንሰር ሕሙማን ሽንት ጋር ሲያነጻጽሩ፣ ሁለቱ ፕሮቲኖች ሕሙማኑን ከሌሎቹ እጅግ በጥራት ለይተዋቸዋል። ማስታወቂያዎቹ የሚመዙትም ይህንን ዓይነቱን ውጤት ነው።

ይሁን እንጂ ያ ጥናት የመለሰው ጥያቄ ኩላሊት ውስጥ የተቀመጠ ዕጢ በሽንት ይታወቃል ወይ የሚለውን ነው፤ የአባትዎ ጥያቄ ደግሞ ሌላ ነው። እነዚህ ፕሮቲኖች የሚመነጩት ካንሰሩ ከሚነሣባቸው የኩላሊት ቱቦ ሕዋሳት ስለሆነ፣ ዕጢው እዚያው ሳለ ወደ ሽንት የሚገቡበት መንገድ ቅርብ ነው። ኩላሊቱ ከወጣ በኋላ ግን ሽንቱን የሚያመነጨው የቀረው ኩላሊት ብቻ ነው። በሽታው ሲያገረሽ ከሁሉ ይበልጥ የሚታየው ሳንባ ላይ ነው፤ አጥንት፣ ጉበትና አንጎልም አሉበት። ሳንባ ላይ የበቀለ ዕጢ ደግሞ ወደ ፊኛ የሚወርድ ቱቦ የለውም። ያፈሰሰው ነገር በደም ዞሮ፣ በጤነኛው ኩላሊት ወንፊት አልፎ ነው ሽንት ውስጥ ሊገኝ የሚችለው፤ ያ ወንፊት ደግሞ የተሠራው ፕሮቲን እንዳያልፍ ነው።

ኪም-1 የሚባለው ሌላው ጠቋሚም የራሱ ጣጣ አለው። ስሙ ሲተረጎም «የኩላሊት ጉዳት ሞለኪውል» ማለት ሲሆን፣ ካንሰር ቢኖርም ባይኖርም የኩላሊት ቱቦ በተጎዳ ጊዜ ሁሉ በሽንት ውስጥ ይጨምራል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2008 የተቀበለውም፣ አዳዲስ መድኃኒቶች በእንስሳት ላይ ሲሞከሩ ኩላሊት መጉዳታቸውን ለመለየት እንዲያገለግል ነበር። ብቻውን ቀርቶ የሁለት ሥራ የሚሠራ፣ ምናልባትም የደም ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ሰው ኩላሊት ይህን ፕሮቲን በሽንት ቢያወጣ፣ ምክንያቱ ካንሰር ነው ለማለት አያስደፍርም። አሹር በተባለው ትልቅ የመድኃኒት ሙከራ ከተሳተፉ ሕሙማን በተቀመጠ ናሙና ላይ በተደረገ ጥናት፣ ከቀዶ ጥገና በኋላ ኪም-1 ከፍ ያለባቸው ሰዎች በሽታው የበለጠ እንዳገረሸባቸው ታይቷል፤ ነገር ግን እዚያ የተለካው በደም ውስጥ ያለው ኪም-1 ነው። ማስታወቂያ ሲያነቡ ደም ይሁን ሽንት የሚለውን ለይተው ይመልከቱ።

ከሽንት ምርምሮች ሁሉ ለእኛ ጥያቄ ይበልጥ የሚቀርበው ከስዊድን የመጣው ነው። የጎተንበርጉ የቻልመርስ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ግላይኮሳሚኖግላይካን የተባሉ ረጃጅም የስኳር ሰንሰለቶች አቀማመር ክሊር ሴል በተባለው፣ በብዛት በሚታየው የኩላሊት ካንሰር ዓይነት ሕሙማን ደምና ሽንት ውስጥ እንደሚለወጥ አግኝተው፣ ማገርሸትን ለመለየት ያገለግል እንደሆነ ወደ መፈተሹ ሄደዋል። ዕጢው የትም ይሁን የት የሰውነትን ኬሚስትሪ መለወጡን ስለሚመለከት ሐሳቡ የሳንባውን እንቆቅልሽ ያልፈዋል፤ እኔም ተስፋ የማደርግበት እርሱን ነው። የአውሮፓ የዩሮሎጂ ማኅበር የሕክምና መመሪያ ግን እስካሁን በየጊዜው ለሚደረግ ክትትል የትኛውንም የሽንት ጠቋሚ አልመከረም።

እኔ ራሴ የተሳሳትኩበትን ልንገርዎ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ በሁለተኛው ዓመት፣ የሲቲ ቀጠሮ እስኪደርስ መታገሥ አቅቶኝ፣ ከመድኃኒት ቤት ሽንት ውስጥ እየነከሩ ቀለሙን የሚያዩበትን ቁራጭ ወረቀት አንድ ጠርሙስ ገዛሁ። በየማለዳው መስኮቱ ሥር ቆሜ፣ በጠርሙሱ ላይ ከታተሙት አራት ማዕዘኖች ጋር ቀለሙን አስተያይ ነበር። አንድ ቀን የፕሮቲኑ ቢጫ ወደ አረንጓዴ ሄደ፤ የደሙም ሳጥን ነጠብጣብ አወጣ። ባለቤቴን ሳልነግር መኪና ውስጥ ገብቼ ለካንሰር ሐኪሜ፣ ለኦንኮሎጂስቴ፣ ደወልኩ። እርሷ የጠየቀችኝ ትናንት ምን እንደ ሠራሁ ነበር። ረጅም ሩጫ ሮጬ ነበር። ከከባድ እንቅስቃሴ በኋላ ጥቂት ደምና ፕሮቲን በሽንት መታየቱ የተለመደ እንደሆነ ነግራኝ፣ ከሦስት ቀን በኋላ ሳልሮጥ በላብራቶሪ እንዲደገም አዘዘች፤ ንጹሕ ሆነ። ሲቲውን እንድታስቀድምልኝ ብለምናትም እምቢ አለች። ጠርሙሱን የጣልኩት በዚያው ሳምንት ነው።

ሲቲ ስካኑም ቢሆን ጻድቅ አይደለም። በአራተኛው ዓመት ሳንባዬ ላይ ትንሽ ነጥብ አሳይቶ፣ በሦስት ወር እስኪደገምና እንዳልተለወጠ እስኪታይ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ነገር ግን ሳንባን አይቶ የሚናገር እርሱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የማገርሸት ዕድልን መተንበይ ከተፈለገ፣ የተፈተነው መተንበያ አሁኑኑ አባትዎ ዘንድ ሊኖር ይችላል፤ ከወጣው ኩላሊት የተቆረጠው ሥጋ በማይክሮስኮፕ ታይቶ የተጻፈው የፓቶሎጂ ውጤት ነው። ለክሊር ሴል ዓይነቱ፣ የማዮ ክሊኒክ ሐኪሞች በ2003 ያወጡት የላይቦቪች ነጥብ የሚባል ስሌት አለ። የሚጠይቀው አምስት ነገር ነው፦ የዕጢው ደረጃ፣ መጠኑ 10 ሴንቲ ሜትር መድረስ አለመድረሱ፣ ወደ ንፍፊት መግባት አለመግባቱ፣ የሕዋሱ ግሬድ (ሕዋሱ ከጤነኛው ምን ያህል እንደ ተለወጠ)፣ በዕጢው ውስጥ የሞተ ሥጋ ማለትም ኔክሮሲስ መኖሩ። ድምሩ እስከ 2 ከሆነ ዝቅተኛ፣ ከ3 እስከ 5 መካከለኛ፣ 6 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ሥጋት ይባላል። በመጀመሪያው ጥናት በአምስት ዓመት ውስጥ በሽታው ወደ ሌላ አካል ሳይሠራጭባቸው የቆዩት ከዝቅተኛዎቹ ከመቶ 97፣ ከመካከለኛዎቹ 74፣ ከከፍተኛዎቹ 31 ያህሉ ነበሩ። የእኔ ለደረጃው 3፣ ለግሬድ ሦስት 1፣ ለኔክሮሲስ 1፣ በድምሩ 5 ነበር። የሲቲ ቀጠሮዬ መቀራረብም መራራቅም የተወሰነው በዚህ ቁጥር ነው።

እርስዎን ያስቸኩላል የምለውም ይኸው ወረቀት ነው። ሥጋታቸው ከፍ ላለ የክሊር ሴል ሕሙማን ከቀዶ ጥገና በኋላ ፔምብሮሊዙማብ፣ በገበያ ስሙ ኪትሩዳ፣ የተባለው የሰውነት መከላከያ ካንሰሩን እንዲዋጋ የሚያደርግ መድኃኒት እንዲሰጥ በአሜሪካ በኅዳር 2021 ተፈቅዷል። በሙከራው በአራት ዓመት መድኃኒቱን ካገኙት ከመቶ 91፣ ካላገኙት ከመቶ 86 ያህሉ በሕይወት ነበሩ። በዚያ ሙከራ ሕሙማኑ የገቡት ኩላሊታቸው በወጣ በ12 ሳምንት ውስጥ ነው። አባትዎ ሁለት ወር ከሆናቸው የቀረው ጥቂት ሳምንት ነው። የመድኃኒቱ ዋጋ ከባድ ነው፤ ጎንዮሽ ጉዳቱም ቀላል አይደለም፤ ለሁሉም አይታዘዝም። ቢሆንም ይገባቸዋል ወይስ አይገባቸውም የሚለውን ኦንኮሎጂስት መወሰን ያለበት አሁን ነው።

ሽንታቸውን ማስመርመር ከንቱ ነው ማለቴ ግን አይደለም። አንድ ኩላሊት ለቀረው ሰው በሽንት ያለውን አልቡሚን (የፕሮቲን ዓይነት ነው) ከክሪያቲኒን (ኩላሊት ከሚያስወግደው ቆሻሻ አንዱ ነው) ጋር ማስለካት፣ በደም ደግሞ ክሪያቲኒኑን መከታተል ያስፈልጋል፤ ለሲቲ ኮንትራስት (ምስሉን የሚያጎላው በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ) ከመሰጠቱ በፊትም ይጠየቃል። ይህ በአዲስ አበባ ላብራቶሪዎች በቀላሉ ይሠራል፤ የሚናገረው ግን ስለቀረው ኩላሊት ጤና ነው። ወገብ ሲያም ሳያማክሩ የሚዋጠው ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ይቅርባቸው፤ የደም ግፊታቸውንም ይለኩ።

በሚመጣ ሰው ስለ ማስላኩ፦ የሽንት ፕሮቲን እንደ ተሰጠ ካልቀዘቀዘ ስለሚበላሽ፣ በሻንጣ ውስጥ አድሮ የደረሰ ሽንት ምርመራው በጎ ቢሆን እንኳ የሚታመን ውጤት አይሰጥም። በአንጻሩ ከኩላሊቱ የተቆረጠው ሥጋ በሰም ውስጥ ተደርጎ በፓቶሎጂ ክፍሉ ይቀመጣል፤ በተራ ሙቀትም ለዓመታት አይበላሽም። የአባትዎ ወረቀት ግሬዱን ወይም ኔክሮሲሱን ሳይጠቅስ ካለፈ፣ ወይም የካንሰሩን ዓይነት በግልጽ ካልጻፈ፣ ቀዶ ሐኪማቸው ብሎኩን (በሰም ያለውን ሥጋ) ወይም ስላይዱን (ከእርሱ ተቆርጦ በመስተዋት ላይ የተለጠፈውን) እንዲያስወጣላቸው ይጠይቁና ሌላ ፓቶሎጂስት እንዲያነበው ያድርጉ። መንገደኛው ወደ አሜሪካ ሲመጣ መያዝ ያለበት እርሱን ነው።