የቡድን ድምፅ ስለ አፕዴት ምን ይነግረናል?

ስለ ሶፍትዌር ማሻሻያ፣ በተለምዶ «አፕዴት» ስለምንለው፣ ከመሀል አዲስ አበባ አንባቢዎች ከደረሱን ጥያቄዎች ጥቂቱን እነሆ።

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ አለኝ። ጠጋኞች በምንሰባሰብበት የቴሌግራም ቡድን «የዊንዶውስ አፕዴት ኮምፒውተር አበላሽቶባችሁ ያውቃል?» ብዬ ድምፅ ባሰጥ አብዛኛው «አዎ» አለ። የደንበኞቼን አፕዴት ላጥፋው?

መልስ፦ አያጥፉት። ባልደረቦችዎ ዋሽተዋል ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን «ያውቃል?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው የሥራ ዘመኑን በሙሉ ስለሚያስታውስ፣ በየወሩ አፕዴት በሚለቀቅበት ሥርዓት አንድ ጊዜ እንኳ ያልተቸገረ ጠጋኝ ማግኘት ያዳግታል። በዚያ ላይ ጤነኛ ኮምፒውተር ወደ ጥገና ሱቅ አይመጣም፤ ስለዚህ መልስ ሰጪዎቹ የሚያውቁት የተበላሸውን እንጂ በሰላም የተጫነውን አይደለም። «ባለፈው ወር አፕዴት ከጫናችሁባቸው ኮምፒውተሮች ስንቱ ተበላሸ?» ብለው ቢጠይቁ፣ የዊንዶውሱን ሥሪትና የኮምፒውተሩን ሞዴል ቢያስጽፉ ይሻላል። ቴሌግራም ድምፅ ላልሰጠ ሰው ውጤቱን ስለማያሳይ፣ ጉዳዩ የማይመለከተውም አባል ለማየት ሲል ብቻ አንዱን ይነካል። «አልጫንሁም» እና «ውጤቱን ለማየት ነው» የሚሉ አማራጮች ይጨምሩ።

ጥያቄ፦ ሜክሲኮ አካባቢ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በመሥሪያ ቤታችን ቡድን ሁሉም «ደህና ነው» ሲል አንድ ሰው ብቻ ፋይሎቼ ጠፉ አለ። የብዙኃኑን ልመን?

መልስ፦ የአንዱን ቃል ቀለል አድርገው አይለፉት። ማይክሮሶፍት በመስከረም 2011 ዓ.ም. የለቀቀው የዊንዶውስ 10 ትልቅ አፕዴት የአንዳንድ ተጠቃሚዎችን ሰነዶች በማጥፋቱ በቀናት ውስጥ ሥርጭቱ ቆመ። ኩባንያው በሰጠው ማብራሪያ ጉዳቱ የተመዘገበው ከ10,000 ጭነት በአንዱ ገደማ እንደሆነ ገለጸ። ሆኖም የሙከራ ሥሪቱን ከተጠቀሙት መካከል ጥቂቶች ይህንኑ ጉዳት ቀደም ብለው አመልክተው ነበር፤ ብዙ ድጋፍ ካገኙት አቤቱታዎች መሀል ግን ጎልቶ አልታየም። ከዚያ በኋላ ነው ኩባንያው በአስተያየት መቀበያው ላይ የጉዳቱን ክብደት የሚጠይቅ መስክ የጨመረው። የቡድን ድምፅ ዋና ጉድለትም ይኸው ይመስለኛል፤ የአታሚ መንቀራፈፍና የዓመት ሒሳብ መጥፋት እኩል አንድ ድምፅ ይይዛሉ። እርስዎ ሰነዶችዎን በሌላ ዲስክ ገልብጠው ያስቀምጡ፤ ያ ሰው የጠፋበትን ሁኔታ ይጠይቁት፤ ከዚያ ይጫኑ።

ጥያቄ፦ ከካዛንቺስ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በአንድ አፕዴት 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒውተሮች ከሥራ ውጪ ሆነዋል። ዓመቱን ሙሉ ባልጭንስ? ዳታዬም ይተርፍልኛል።

መልስ፦ የሐምሌ 12ቱ ጥፋት የመጣው ክራውድስትራይክ ከተባለው የደኅንነት ኩባንያ ፋይል ስለነበር፣ የዊንዶውስን አፕዴት ያዘገየ ሰውም አያመልጠውም ነበር። በአንጻሩ በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው አፕዴት ለሚደገፉት የዊንዶውስ ሥሪቶች የተለቀቀው በመጋቢት ስለነበር፣ ብዙዎቹ ተጎጂዎች ሁለት ወር የዘገዩ ነበሩ። ዊንዶውስ አፕዴትን እስከ አምስት ሳምንት ለማቆየት ይፈቅዳል፤ ለእርስዎ ጥቂት ቀን መታገሥ ይበቃል። ለዳታው፣ ግንኙነቱ በመጠን የተገደበ መሆኑን በቅንብሩ ላይ ያመልክቱና ዋጋው በሚረክስበት ሰዓት ያውርዱ።

ጥያቄ፦ የፒያሳ ነዋሪ ነኝ። ዊንዶውስ 10 ከጫንሁበት ኮምፒውተር ላይ አፕዴት መምጣቱ ቀርቷል፤ ችግርም የለበትም። ተስተካክሎ ይሆን?

መልስ፦ አልተስተካከለም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ኮምፒውተርዎ የሚችል ከሆነ ወደ ዊንዶውስ 11 ይሻገሩ፤ ካልቻለ የተራዘመውን የደኅንነት አፕዴት መመዝገቢያ በቅንብሩ ውስጥ ይፈልጉ።