ቴስላ ወይስ ቢዋይዲ? የአንድ ቤት ሙግት

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነህ? ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ ልብስ እሸጣለሁ። ሚኒሶታ ያለው ወንድሜ «ለልጅሽ ትምህርት የምልከውን ብር ከአሁን በኋላ የአሜሪካውን የኤሌክትሪክ መኪና ሠሪ የቴስላን አክሲዮን ልግዛበት፤ በአሥር ዓመት ሀብታም ይሆናል» አለኝ። ባለቤቴ መካኒክ ነው። «ከጅቡቲ የሚገባው ሁሉ የቻይና ነው፤ ከገዛ የቻይናውን የኤሌክትሪክ መኪና ሠሪ ቢዋይዲን ይግዛ» ይላል። ምሳ ላይ ሌላ ወሬ ጠፋ። እባክህ ፍረደን።
የልጅ እናት፣ ከሳቢያን

መልስ፦ እህቴ፣ ወንድምሽ ከመሬት ተነስቶ አይደለም። ቴስላ እ.ኤ.አ. በ2010 አክሲዮኑን ለሕዝብ ሲሸጥ ዋጋው 17 ዶላር ነበር። ያኔ አንድ የገዛ ሰው፣ አክሲዮኑ በ2020 ለአምስት፣ በ2022 ለሦስት ስለተከፈለ፣ ዛሬ 15 አለው። በ2024 መጨረሻ እያንዳንዷ ከ400 ዶላር በላይ ታወጣ ነበር። ይህን ሰምቶ ልቡ የተነሳ ሰው አይፈረድበትም።

ግን ያ ትርፍ ብዙ ሰው ሳያምንበት ለገዙት ነው። አሁን ሁሉም አምኗል፤ ተስፋው ዋጋው ውስጥ ገብቷል። በ2024 መጨረሻ ኩባንያው በገበያ 1.3 ትሪሊዮን ዶላር ገደማ ይገመት ነበር። የዓመቱ የተጣራ ትርፍ 7.1 ቢሊዮን ነው። እስቲ አካፍዪው። ትርፉ ባለበት ቢቆም ዋጋውን ለመመለስ ከ180 ዓመት በላይ ይፈጃል! ባልሽ ሲፈታታው የሚውለው ቶዮታ በዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ መኪና እየሸጠ ያኔ የሚገመተው የዚህን ሩብ ያህል ነበር። ቴስላ በ2024 የሸጠው 1.79 ሚሊዮን ነው፤ ከ2023 ያነሰ። በ2025 ወደ 1.64 ሚሊዮን ወርዶ በኤሌክትሪክ መኪና አንደኝነቱን ለቢዋይዲ አስረክቧል።

አስፋልት ይመጣል ተብሎ በአስፋልት ዋጋ የተሸጠ ቤት መቼም ታውቂያለሽ። አስፋልቱ ቢመጣስ ገዢው ምን አተረፈ?

ወንድምሽ «ቴስላ እኮ ሮቦት ነው፣ ያለ ሹፌር የሚሄድ ታክሲ ነው» ይልሻል። ሊሳካ ይችላል። የቴስላ አለቃ ኢሎን ማስክ ግን በ2019 «በሚቀጥለው ዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሮቦታክሲ ይኖረናል» ብሎ ነበር። በ2025 አሜሪካ ኦስቲን ከተማ ላይ በጥቂት መኪኖች ተጀመረ፤ ያውም የኩባንያው ሰው ጋቢና ተቀምጦ። እኔን ይበልጥ የሚያሳምነኝ ብዙ የማይወራለት ሥራው ነው፦ ለኤሌክትሪክ አቅራቢዎች የሚሸጠው ትልልቅ ባትሪ።

ባልሽ ዓይኑ ጥሩ ነው። መንግሥት በ2024 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ መንገዱ ተቀይሯል። ቢዋይዲም ባትሪውን ራሱ ይሠራል፤ በ1995 የተነሳውም በባትሪ ነው። ነገር ግን ድሬ ላይ የሚታየው መኪና ስለ አክሲዮን ብዙ አይናገርም። ቻይና ውስጥ ያለው የዋጋ ጦርነት ትርፉን ይበላዋል። የታዋቂው አሜሪካዊ ባለሀብት የዋረን ባፌት ኩባንያ እንኳ በ2008 የቢዋይዲን አክሲዮን በ230 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዝቶ፣ ብዙ እጥፍ አትርፎ፣ ከ2022 ጀምሮ እየሸጠ ወጥቷል።

ፍርዴ ይኸው። የትምህርቱ ብር ሁለቱም ላይ አይውልም። ቴስላ በ2022 ብቻ የዋጋውን 65 በመቶ ያህል አጥቷል። በኋላ አገግሟል፤ ትምህርት ቤቱ ግን «አክሲዮኔ እስኪያገግም ታገሱኝ» ብትዪው አይሰማሽም። የትርፍ ድርሻም ከፍሎ አያውቅም፤ ብር ስትፈልጊ መሸጥ ነው።

ወንድምሽ ከዚያ ሌላ ትርፍ ገንዘብ ካለው፣ አምስት መቶ ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን ባንድ ላይ የያዘ ፈንድ ይግዛ። ቴስላም ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ እዚያ ውስጥ አለ፤ ሆዱ አይባባም። በማን ስም እንደሚገዛና መቼ እንደሚሸጥ ግን በጽሑፍ ይላክልሽ። የወንድም ነገር ነው ብለሽ እንዳታልፊው።

ባልሽን ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና ጥገና መሠልጠን ይፈልግ እንደሆነ ጠይቂው። እነዚህ መኪኖች የሞተር ዘይት አይቀይሩም። በድሬ ሙቀት ግን የባትሪ ማቀዝቀዣ የሚያውቅ መካኒክ ሥራ አያጣም። ወንድምሽ ለዚያ ስልጠና ቢልክ እኔ አልቃወምም።