አሬይ ልኬ ሰርቨሩ አላነበበውም፦ ከጎንደር ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ከአዘዞ፦ ለእህል መደብር መመዝገቢያ እየሠራሁ ነው። የጤፍና የሽንብራውን ዝርዝር በፌች (ጃቫስክሪፕት ዳታ ወደ ሰርቨር በሚልክበት ትእዛዝ) ስልከው ሰርቨሩ ጋ የሚደርሰው «ኦብጀክት ኦብጀክት» የሚል ጽሑፍ ብቻ ነው።

አሬዩን (የዕቃዎቹን ዝርዝር) እንዳለ ቦዲው፣ ማለትም የመልእክቱ ሆድ ውስጥ ከተትከው ማለት ነው። ብሮውዘሩ በግድ ወደ ጽሑፍ ሲለውጠው ይዘቱ ይጠፋል። መጀመሪያ በጄሰን ስትሪንጊፋይ ወደ ጄሰን (ዳታን በጽሑፍ መልክ የመጻፊያ ስልት) ለውጠው። ሄደሩ (ከመልእክቱ ጋር የሚሄደው መግለጫ) ላይ ደግሞ ኮንቴንት ታይፑን፣ ማለትም የይዘቱን ዓይነት «አፕሊኬሽን/ጄሰን» አድርገው። ይህን ከዘለልከው እንደ ተራ ጽሑፍ ይሄዳል፤ አንዳንዱ ሰርቨር 415 (ይህን የይዘት ዓይነት አልቀበልም) ብሎ ይመልስብሃል።

ከማራኪ፦ ይህን ሁሉ አድርጌያለሁ። ሰርቨሩን የጻፍኩበት ፒኤችፒ ላይ ግን የተላከው ዳታ የሚቀመጥበት ፖስት የሚባለው ባዶ ነው።

አይዞሽ፣ ዳታሽ አልጠፋም። የፒኤችፒ ፖስት የሚሞላው በፎርም መልክ ለመጣ ብቻ ነው። ጄሰኑን ከ«ፒኤችፒ ኢንፑት» አንብቢና በጄሰን ዲኮድ ፍቺው። በጄሰን ዲኮዱ ቅንፍ ውስጥ ሁለተኛውን ቦታ «ትሩ» ካልሽው አሬይ ሆኖ ይመጣልሻል። ለሁላችሁም አደራ የምለው፦ ኮድ ከመነካካታችሁ በፊት ኤፍ 12 ተጭናችሁ ኔትወርክ የሚለው ውስጥ ፔይሎዱን (የተላከውን ዳታ) እዩ። ከብሮውዘሩ በትክክል ከወጣ ችግሩ ሰርቨሩ ጋ ነው። ግማሽ ቀን የሚፈጅ ግምት በዚህ ይቀራል።

ከፒያሳ፦ ኔትወርኩ ይቆራረጣል። ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ልላክ ወይስ ባንዴ?

ባንዴ፣ በአንድ አሬይ። ሃምሳ ዕቃ ለየብቻ ከላክህ መሃል ላይ ሲቋረጥ የትኛው ገባ የትኛው ቀረ የሚለው ያደክምሃል። ሰርቨሩም በአንድ ትራንዛክሽን፣ ማለትም እንደ አንድ ሥራ ይመዝግበው፤ ወይ ሁሉም ይገባል ወይ አንዱም አይገባም። ግን ሌላ አደጋ አለ። ሰርቨሩ መዝግቦ ሳለ መልሱ መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል። ተጠቃሚው «አልሄደም» ብሎ ደግሞ ይጫናል፤ አንዱ ኩንታል ሁለት ሆኖ ይመዘገባል። የሰው ሒሳብ ነውና ይህን ችላ እንዳትል። ለእያንዳንዱ ዕቃ ብሮውዘሩ ላይ መለያ ቁጥር ስጠው፣ ድጋሚ ስትልክም ያንኑ ተጠቀም። ዳታቤዙ ላይ መለያውን ዩኒክ (የማይደገም) ካደረግከው ሁለቴ አይገባም።

ድጋሚ ከአዘዞ፦ ዝርዝሩ ሲረዝም 413 (የላክኸው በጣም ትልቅ ነው) ይለኛል። ሰርቨሩን የሠራሁት በኤክስፕረስ፣ በጃቫስክሪፕት የሰርቨር መሥሪያ ነው።

ኤክስፕረስ ካልነገርከው ከ100 ኪሎባይት በላይ ጄሰን አይቀበልም። የእኛ ፊደል ደግሞ በዩቲኤፍ 8 እያንዳንዱ 3 ባይት ስለሚይዝ ቶሎ ይሞላል። ሊሚቱን (የመጠን ገደቡን) ከፍ አድርገው፤ በጣም ከረዘመ ግን ከፋፍለህ ላከው።

ከቀበሌ 18፦ የመላኪያ ዘዴውን ፖስት ብዬ ልኬ ኔትወርክ ላይ ኦፕሽንስ የሚል ይታየኛል። ምንድን ነው?

ገጹና ሰርቨሩ የተለያየ አድራሻ ላይ ስለሆኑ ብሮውዘሩ አስቀድሞ ፈቃድ እየጠየቀ ነው። ሰርቨሩ ላይ ኮርስን (CORS፣ ከሌላ አድራሻ ለሚመጣ ጥያቄ ፈቃድ መስጫውን) ክፈቺ፤ «ኮንቴንት ታይፕ» የሚለውንም ከተፈቀዱት ሄደሮች ጋር ጻፊው።